የደንበኛ ስልክ ቁጥር አደራ ነው

የቴሌግራም ሱቅሽ ደርቷል አሉ፣ እሰይ የኔ ጎበዝ! ግን ስሚኝ፦ ቀሚስ በሸጥሽ ቁጥር ከብሩ ጋር የሰው ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ የወገብ ልክ ሳይቀር እጅሽ ይገባል። የሰጡሽ ቀሚሱ እንዲደርሳቸው ነው። ለሌላ ጉዳይ ካዋልሽው አደራ በላ መባል ይመጣል፤ ያ ደግሞ ላንቺ አይመጥንም።

አንደኛ፣ የክፍያ ደረሰኝ እየለጠፍሽ «ደንበኞቻችን እናመሰግናለን» ማለቱን ተዪው። ደረሰኙ ላይ የሰው ስም አለ፣ የገንዘቡ ልክ አለ። የግድ መለጠፍ ካማረሽ ስምና ቁጥሩን ቆርጠሽ ጣዪ። በስልኩ ማርከር ማጥቆር ብቻውን አይበቃም፤ ቀለሙ ሳሳ ካለ ምስሉን አብርቶ የሚያይ ሰው ከስር ያነበዋል። ልብሱን ለብሳ የላከችልሽን ፎቶም «ልለጥፈው?» ሳትዪ እንዳትነኪው፣ እሺ ሆዴ?

ሁለተኛ፣ ቁጥር አትግዢ። «አምስት ሺህ ስልክ ቁጥር አለኝ» የሚልሽ ሰው አይጠፋም፤ ከየት እንዳመጣው ጠይቂውና ዓይኑን እዪው። ሳይጠየቁ ግሩፕ ውስጥ መጎተት እንዴት እንደሚያናድድ አንቺም ታውቂዋለሽ። ዋትሳፕ ግሩፕ ከሆነማ ባሰ፣ የአንዷ ቁጥር ለሁሉም ይታያል። የቴሌግራም ቻናል ላይ ግን ተከታዮችሽ እርስ በርስ አይተያዩም። ስለዚህ ሊንኩን ስጪ፣ የፈለገ ይግባ። «ይቅርብኝ» ያለችሽንም ሳትከራከሪ ሰርዢያት።

ሦስተኛ፣ የማያስፈልግሽን አትጠይቂ። ጫማ ለመሸጥ የፋይዳ ቁጥር ምን ይሠራልሻል? ለሞተረኛውም ሙሉውን ቻት ፎርዋርድ አታድርጊለት፤ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈርና የሚቀበለው ሒሳብ ካለ እሱን ብቻ ጻፊለት። የውስጥ ልብስ ቁጥሯን ማወቅ ምን ያደርግለታል? ለፋሲካና ለዒድ ቅናሽ ብለሽም የሰውን ሃይማኖት በስሙ እየገመትሽ አትከፋፍዪ። ቅናሹን ለሁሉም ላኪው፣ ዶሮ የሚሠራም በግ የሚያርድም ይገዛሻል።

አራተኛ፣ መዝገብሽን ሰብስቢ። ቴሌግራምሽ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ክፈቺ። ሥራ የለቀቀችውን ልጅ ያኔውኑ ከአድሚንነት አውጪያት፣ ብትወጃትም። ለግብር የሚፈለገውን ሰነድ ለብቻው አስቀምጪ፤ ከዚያ የተረፈውን የድሮ ትዕዛዝና አድራሻ ደምስሺው። የሌለሽን ነገር ማንም አይሰርቅሽም።

«እኔን ትንሿን ነጋዴ ማን ያየኛል» እንዳትዪኝ ብቻ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሰው መረጃ ለተሰጠበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ እንደ ጤናና ሃይማኖት ያለው ደግሞ የበለጠ እንዲጠበቅ ያዛል። ጠበቃ እስክትቀጥሪ አትጠብቂ፤ አዋጁን ራስሽ አንብቢው፣ አንቺ እንደሆነ ማንበብ አይሰለችሽም።

የመጨረሻው፣ ስልክሽ ቢሰረቅ ወይም አካውንትሽ ቢጠለፍ ደንበኛ አጣለሁ ብለሽ አትደብቂ። የዛኑ ቀን፣ «በስሜ ብር ላኩ የሚል መልእክት ከመጣ እንዳትልኩ» ብለሽ ለሁሉም ንገሪ። አንዷ ልትቆጣሽ ትችላለች፤ ቻዪያት። ሳትነግሪያት ብሯ ከተበላ ግን ቁጣዋን የምትሰሚው ከሷ ብቻ አይሆንም፣ ከነጓደኞቿ ነው።