በቀረሽበት መሥሪያ ቤት ዝቅ ባለ መደብ ስታመለክቺ

ልጄ፣ ለባለሙያ መደብ ተወዳድረሽ ስምሽ ሳይወጣ ቀረ። ጥቂት ወራት አለፉና ያው መሥሪያ ቤት ሌላ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ መደቡ ከተማርሽበት በታች ነው፣ ደመወዙም እንደዚያው። ላመልክት ወይስ ይቅርብኝ እያልሽ እንቅልፍ አጥተሻል። ንፋስ መውጫ ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው የሚመጡልኝ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳ፣ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ ድረስ ይመጣሉ። ዕድሜዬን በሰው ኃይል ሥራ ያሳለፍኩ፣ በብዙ የቅጥር ኮሚቴ የተቀመጥኩ ሰው ነኝና ያየሁትን ልንገርሽ። አመልክቺ ነው ምክሬ። ነገር ግን መደቡን ሳትመረምሪ፣ ያለሽንም ደብቀሽ እንዳታመለክቺ። ለሴት ልጅ አድርጌ ጻፍኩት እንጂ ለወንዱም ያው ነው።

1. የቀረሽበትን ምክንያት ሳታውቂ ሁለተኛውን ማመልከቻ አትጻፊ።

ሰው የሚቀረው ሦስት ቦታ ላይ ነው፦ ማስረጃ ሲጣራ፣ በጽሑፍ ፈተና እና በቃለ መጠይቅ። ማስረጃ ሲጣራ ከሆነ የጎደለሽ አብዛኛውን ጊዜ የልምድ ዓመት ነውና ዝቅ ያለው መደብ ትክክለኛ መፍትሔው ነው። በጽሑፍ ፈተና ከሆነ መደቡ ዝቅ ስላለ ፈተናው ይቀለኛል ብለሽ አትዘናጊ፤ ለታችኛው መደብ የሚመዘገበው ሰው ስለሚበዛ መቁረጫ ነጥቡ ሊሰቀል ይችላል። በቃለ መጠይቅ ከሆነ ደግሞ ዕውቀትሽን ማንም አልናቀውም። የኛ አገር ልጅ በታላላቆች ፊት ዝም እንድትል ሆና ነው ያደገችው፤ ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ በአንድ ቃል መልሳ ትወጣለች። ኮሚቴ ደግሞ ላልሰማው ነገር ነጥብ መስጠት አይችልም።

ስለዚህ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሂጂና «ውጤቴን አይቼ ለሚቀጥለው ልዘጋጅ ነው» በያቸው። ለጠብ እንዳልመጣሽ ሲያዩ ብዙዎቹ ይነግሩሻል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጤትሽን መጠየቅም ቅሬታ ማቅረብም መብትሽ ነው፤ የግል ድርጅት ላይነግርሽ ይችላል፣ ከእነሱ ጋር አትጣዪ። በተጠባባቂነት ተይዘሽ እንደሆነም ጠይቂ። ተጠባባቂ መሆኗን ሳታውቅ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ በከረመበት ሳምንት ተፈልጋ ያመለጣት ልጅ አውቃለሁ።

2. መደቡ ወዴት እንደሚያደርስ አጣሪ።

ዝቅ ያለ መደብ ሁሉ አንድ አይደለም። አካውንቲንግ ተምረሽ በባለሙያነት ሳይሆንልሽ ቢቀርና በዚያው ባንክ ገንዘብ ያዥ ሆነሽ ብትገቢ፣ በየቀኑ የምትነኪው ሒሳብ ነው፤ ልምዱም ከሙያሽ ጋር ይሄዳል። በዚያው ባንክ በጽዳት ወይም በጥበቃ ብትገቢ ግን ሥራው ክቡር ነው፣ እንጀራም ያበላል፣ ነገር ግን ለባለሙያ መደብ ስትወዳደሪ «አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» በሚለው መስፈርት ሥር የሚያዝልሽ ነገር አታገኚም። ይህ ሐረግ በየማስታወቂያው አለ። ሰው ግን «2 ዓመት» የሚለውን ቁጥር አይቶ አግባብነቱን ሳያነብ ያልፋል፤ ሁለት ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ አይያዝልህም ሲባል እንደ አዲስ ይደነግጣል።

ከመመዝገብሽ በፊት እነዚህን ጠይቂ። በዚህ መደብ የሚሠራ ሰው የውስጥ ዕድገት ሲወጣ ለየትኛው መደብ መወዳደር ይችላል? ስንት ጊዜ ከሠራ በኋላ? ልምዱ ለላይኛው መደብ ይያዛል ወይስ አይያዝም? በባንክና በድርጅት መልሱ በኅብረት ስምምነቱ ወይም በውስጥ መመሪያው ውስጥ ይገኛል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሲቪል ሰርቪሱ መመሪያ። ወረቀቱን የሚያሳይሽ ካጣሽ በዚያው መደብ ብዙ ዓመት የቆየ ሠራተኛ ፈልጊና ሻይ ጋብዢው። እሱ ለምን እዚያው እንደቆየ ሲያጫውትሽ የመደቡን ነገር ትረጃለሽ።

መምህራን በዚህ የታደሉ ናቸው። ጀማሪ መምህር፣ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር እያለ ወደ መሪ መምህርነት የሚወጣ የታወቀ ደረጃ አላቸው፤ ከታች የጀመረው ቀጥሎ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ሌላው መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ እንዲህ ግልጽ አይደለም፤ ሳትጠይቂ ማንም አይነግርሽም።

3. ዲግሪሽን አትደብቂ።

ይህን ከሁሉም አጥብቄ እነግርሻለሁ። ማስታወቂያው «ዲፕሎማ ወይም ደረጃ 4» ሲል፣ ቀድሞ ዲፕሎማ ይዛ ኋላ ዲግሪዋን ያሟላች ልጅ ዲግሪውን ቤቷ ትታ በዲፕሎማው ትመዘገባለች። ምክንያቷ ይገባኛል፤ «ትምህርቷ በዛ» ብለው ይጥሉኛል ብላ ነው። ግን ተቀጥራ ሁለት ዓመት ሠርታ ዕድገት ሲወጣ ያንን ዲግሪ ማምጣቷ አይቀርም። ያን ጊዜ የተመረቀችበት ቀን ከተቀጠረችበት ቀን ቀድሞ ይገኛል። ስትቀጠር የሞላችው ቅጽ በማኅደሯ ውስጥ በፊርማዋ ተቀምጧል። ለምን አላሳየሽም ሲሏት የምትመልሰው የላትም፤ ዲግሪው እውነተኛ ሆኖ ሳለ እሷ ተጠርጣሪ ትሆናለች። በዚህ ጊዜ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን የትምህርት ማስረጃ ለተማሩበት ተቋም እየላኩ ማጣራት ይዘዋል፤ አንድ ቀን መታየቱ አይቀርም።

ማስታወቂያው ከተጠየቀው በላይ ያለው አይወዳደርም ካለ አትወዳደሪ፤ ሌላ ፈልጊ። ዝም ካለ ጠይቂና ያለሽን ሁሉ አስመዝግቢ። ደግሞም ደረጃ 4 በሚጠይቅ መደብ ላይ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና ማስረጃ) ይጠየቃል፤ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ማለፍሽ ሲኦሲን አይተካልሽም። ፈተናው የሚሰጥበትን ጊዜ ቀድመሽ አጣሪ፤ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ መሯሯጥ አያደርስም።

4. የካፒቴን አምሳለ ጓሉን መንገድ በደንብ ተመልከቺ።

ባሕር ዳር የተወለደች፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር የተማረች ሴት ናት። ለአብራሪነት ሥልጠና በኢትዮጵያ አየር መንገድ ስታመለክት መጀመሪያ አልተሳካላትም። በዚያው አየር መንገድ የበረራ አስተናጋጅ ሆና ገባች። ኋላ እንደገና ተወዳድራ አቪዬሽን አካዳሚው ተቀበላት፤ ረዳት አብራሪ ሆነች፣ በ2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ለመሆን በቃች። ኅዳር 2008 አየር መንገዱ በሴቶች ብቻ የተመራውን የመጀመሪያ በረራውን ወደ ባንኮክ ሲያደርግ አውሮፕላኑን የመራችው እሷ ናት።

ልጆች ይህን ስነግራቸው «አየህ፣ ከታች ጀምራ ደረሰች» ይላሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። አስተናጋጅነት ወደ አብራሪነት የሚያሸጋግር ደረጃ አይደለም፤ አምሳለም ከጓዳው ወደ አብራሪው ክፍል በዕድገት አልተዛወረችም። የጣላትን ፈተና ተመልሳ ተቀምጣ ነው ያለፈችው። የታችኛው ሥራ ከአውሮፕላኑ አጠገብ አቆያት፤ ፈተናውን ግን አላስቀረላትም። አንቺም ዝቅ ብለሽ ብትገቢ ያቺ ያቃተችሽ ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ እዚያው ትጠብቅሻለች። ከሥራ መልስ ማታ ማታ የምታነቢው ካልኖረ የተሻለ መደብ በወጣ ቁጥር እንደ መጀመሪያው ትቀሪያለሽ።

5. ኮሚቴው ፊት ስትቀርቢ ሦስት ስጋት ተቀምጦ እንደሚጠብቅሽ ዕወቂ።

«ይህች ልጅ ባለፈው ለባለሙያ መጥታ ነበር» ይላል አንዱ። አንደኛው ስጋት ትሄዳለች የሚል ነው፤ ሌላ ስታገኝ በሦስት ወሯ ጥላን ትሄድና እንደገና ማስታወቂያ ልናወጣ ነው። ሁለተኛው ሥራውን ትንቃለች የሚል ነው። ሦስተኛውን አፍ አውጥቶ የሚናገረው የለም፦ የቅርብ አለቃ የሚሆነው ሰው ዲፕሎማ ይዞ ዲግሪ ያላትን ማዘዝ ይከብደዋል፣ ወንበሬን ትወስዳለች ብሎም ይፈራል።

ስለዚህ «ባለፈው አልተሳካልሽም፤ አሁን ለዚህ ለምን መጣሽ?» ሲሉሽ አትደንግጪ፣ አትቆጪ። እንዲህ ብትዪ ደስ ይለኛል፦ «አዎ፣ ተወዳድሬ በልምድ ተበልጫለሁ። ይህ መደብ የሚሠራውን ሥራ አንብቤዋለሁ፤ ደንበኛ መቀበልና ገንዘብ ማመሳከር ነው። እሱን በደንብ መልመድ እፈልጋለሁ። ዕድገት ሲወጣ እንደማንኛውም ሠራተኛ እወዳደራለሁ፤ እስከዚያ ግን ሥራዬ ይህ ነው።» በዚህ መልስ ውስጥ ውሸት የለም፣ ልመናም የለም። «ቀን እስኪያልፍ ነው» የሚለው ቃል ግን ከአፍሽ እንዳይወጣ። ችግር አስገድዶሽ ቢሆንም ኮሚቴው የሚሰማው ቀኑ ሲያልፍልሽ እንደምትሄጂ ብቻ ነው።

ለቅርብ አለቃሽ ደግሞ ከገባሽ በኋላ በሥራ አሳይው። አያውቅም ብለሽ በሰው ፊት አታርሚው። ከመጽሐፍ ያላገኘሽውን ብዙ ነገር እሱ ዘንድ ታገኛለሽ።

6. ደመወዙን በብዕር አስዪው።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደግሞ 11,500 ብር ሆኗል። ልዩነቱ በወር እስከ 5,500 ብር ይደርሳል ማለት ነው። የሚከፈልሽ በመደቡ ልክ እንጂ በዲግሪሽ ልክ አይደለም፤ ከገባሽ በኋላ «ዲግሪ እያለኝ» ብለሽ ብትከራከሪ የሚሰማሽ የለም። መደቡ እዚሁ ንፋስ መውጫ ከሆነና እናትሽ ቤት ካደርሽ ያዋጣሻል። ባሕር ዳር ከሆነ የቤት ኪራይና የምግብ ቀንሰሽ የሚተርፈውን እዪ። ከቤት ገንዘብ እያስላኩ መሥራት የሚቻለው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ያንን ጊዜ አስቀድመሽ ከወላጆችሽ ጋር ተነጋገሩበት።

7. ለሰው አፍ ጆሮ አትስጪ።

«ዲግሪ ይዛ ለዚህ?» የሚል ሰው የቤትሽን ወጪ አይሸፍንም።

8. ገንዘብ ከሚጠይቅሽ ሰው ራቂ።

አንድ ጊዜ የቀረ ሰው ለደላላ ይመቻል። «እዚያ ሰው አለኝ፣ ይህን ያህል ካመጣሽ ላስገባሽ» ይልሻል። ደብረ ታቦር የራሶች መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ሹመት የፈለገ ሰው እጅ መንሻ ይዞ ደጅ ይጠና ነበር፤ ያን ጊዜ የተጻፈ ውድድር አልነበረም። ዛሬ አለ። በገንዘብ የገባ ሰው ያስገባው በተጠየቀ ቀን አብሮ ይጠየቃል፤ ወላጅሽም በሬውን ሸጦ ያገኘው ብር ከማን ይመለስለታል? ኮሚቴ ሆኜ በቆየሁበት ሁሉ ልቤን እንደዚህ ያቆሰለኝ ነገር የለም።

9. ስትቀጠሪ ሕጉን ዕወቂ፣ ወረቀትሽንም ሰብስቢ።

በባንክና በድርጅት የምትገቢ ከሆነ የሚገዛሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት የሚደረግ ሆኖ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ለሥራው ብቁ አይደለሽም ካሉሽ ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። የሥራ ውልሽ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ሁኔታ ጽፎና ፈርሞ ሊሰጥሽ ይገባል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን የሙከራው ጊዜ በሌላ ሕግ ነው የሚወሰነው፤ ስትቀጠሪ ጠይቂ።

ያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አሠሪው ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። እስክትለቂ አትጠብቂ፤ በየዓመቱ አስጽፊ። የሠራሽበት መደብ ስም በትክክል መጻፉን ተመልከቺ፤ ድርጅቱ የግል ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ደብዳቤም አያይዢ፣ ቀጣሪዎች ይጠይቁታል። ነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ንፋስ መውጫ ሲገባ የተዘረፈውን ቢሮ አይተሻል፤ ማኅደርሽ እዚያ አለ ብለሽ አትመኪ። ሁሉንም ፎቶ አንሺና አንዱን ቅጂ በኢሜይልሽ አስቀምጪ፣ ሌላውን ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ላለ ዘመድ ላኪ።