ታቦርን ከልጅህ ጋር ስትወጣ

ልጄ፣ የአራት ዓመቷን ልጅህን ይዘህ ሐዋሳ ያለውን ታቦር ተራራ ልትወጣ ማሰብህን ስሰማ ደስ አለኝ። ትንሽም ሰጋሁ። እኔም በጊዜዬ በኩሬን ይዤው ወጥቻለሁ፤ አምስት ዓመቱ ነበር። ከመንገድ መመለሱን እንደ ሽንፈት ቆጥሬ «በርታ፣ ደረስን!» እያልኩ እጁን እየጎተትኩ አወጣሁት። ጫፍ ላይ ቆሜ የሐዋሳን ሐይቅ ሳሳየው እሱ አቀርቅሮ የጫማውን ክር ያያል። ከዚያ በኋላ ታቦር በተነሳ ቁጥር «ሆዴን አመመኝ» ይለኝ ጀመር። አንተ እንዳትደግመው ነው ይህን የምጽፍልህ።

1. ጫፉን እርሳው። ጠዋት ጠዋት ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶች ታቦርን ሮጠው ወጥተው ሮጠው ይወርዱታል። ለልጅህ ግን ጉዞው የሚጀምረው ከባጃጅ ስትወርዱ ነው። አንድ የጉንዳን ሰልፍ ግማሽ ሰዓት ቢወስድባችሁ አትበሳጭ፣ አጠገቧ ቁጢጥ በል።

2. «ደረስን» ብለህ አትዋሽ። ልጅ አንዴ ከተታለለ ሁለተኛ አያምንህም።

3. በየመንገዱ ጨዋታ ይጠብቃት። በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ ተራሮች ለሕፃናት ተብለው የተሠሩ መንገዶች አሉ። መንገዱ አንድ ተረት ወይም አንድ እንስሳ ይዞ ይዘልቃል፤ ልጁ ጥቂት በሄደ ቁጥር የሚነካው፣ የሚገፋው፣ የሚፈታው ነገር ያገኛል። በእኛም አገር እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት የእግር መንገድና የልጆች መጫወቻ አንድ ላይ ይዞ ነው የመጣው። ለታቦር ግን የማንንም በጀት መጠበቅ አያስፈልግህም፤ ያደግንበት ጨዋታ ይበቃል።

በአኩኩሉ ጀምር። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ «አኩኩሉ» ስትል፣ እሷ «አልነጋም» እያለች ትደበቅ። አንድ ሕግ ብቻ አውጣ፦ መደበቂያው ሁልጊዜ ከአንተ በላይ ይሁን፣ አንተ ከምታየው ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ዛፍ አይለፍ። «ነጋ» ባለች ቁጥር አንድ ዛፍ ያህል ወጥታለች፣ ድካሙንም አላወቀችውም። ይህን ብልሃት ያገኘሁት ዘግይቼ፣ በሦስተኛዋ ልጄ ነው።

4. ለድንጋይ ጨዋታ በቦርሳህ አንድ ኩባያ ያዝ። ሐዋሳ ያለችው ጥንት በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በሰመጠ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ነው። ከእሳተ ገሞራ የቀረው፣ እናቶቻችን ተረከዛቸውን የሚፈገፍጉበት ቀላል ድንጋይ በአካባቢው አይጠፋም፤ እንዳታጣው ግን ከቤት ይዘህ ውጣ። አረፍ ስትሉ ኩባያው ውስጥ ውኃ አድርግና መጀመሪያ ተራ ጠጠር ጣልበት፤ ይሰምጣል። ቀጥሎ ያን ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ ስጣትና ራሷ ትጣለው። ሲንሳፈፍ ፊቷን እይ። ከዚያ በጣቷ ትጫነዋለች፣ ተመልሶ ብቅ ይላል፤ ደግማ ትጫነዋለች። አትቸኩል፣ እስኪበቃት ትጫወት። ለምን እንደማይሰምጥ ስትጠይቅህ ሆዱ በአየር የተሞላ መሆኑን ንገራት። ካልጠየቀች ዝም በል።

5. ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት ቦታ ስትደርሱ ተቀመጡና «እንቆቅልሽ» በላት። «ምን አውቅልህ» ትልሃለች። የራስህን ፍጠርላት፤ እኔ ለልጆቼ «ሲያጠጡት ይጠጣል፣ ሲጠግብ አይተፋም፣ ግን ጨው ጨው አይልም» እላቸው ነበር። መልሱ ከፊታችን የተኛው ሐይቅ ነው፤ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም፣ ሆኖም ውኃው ጨዋማ አይደለም። አታውቀውም። «እንግዲያው አገር ስጪኝ» በላት። እኛ ቤት ውስጥ ስንጫወት ዓይተነው የማናውቀውን ጎንደርንና ሐረርን ነበር የምንሰጠው። እሷ ግን ከታቦር ሆና የምትሰጠውን አገር በጣቷ ታሳይሃለች፦ ገብርኤልን፣ አሞራ ገደልን፣ የራሷን ሰፈር።

6. የተራራውን ስም ንገራት። ታቦር የተባለው በመጽሐፍ ቅዱስ ተራራ ስም ነው፤ ነሐሴ 13 ቀን የዚያኑ ተራራ በዓል፣ ደብረ ታቦርን፣ ስናከብር ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ። ከታች ባለው ጉዱማሌ ደግሞ ሲዳማ ፍቼ ጨምበላላን ያከብራል፤ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የመዘገበው በዓል ነው። በጨምበላላም ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ጎረቤት ለጎረቤት ይዞራሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። በዚህች ከተማ በሁለቱም በዓል ልጆች በር አንኳኩተው ይገባሉ። ይህን ለልጅህ ስነግር ብውል አይሰለቸኝም።

7. ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ተመለሱ። ውኃ፣ ቆሎ፣ ኮፍያ፣ ጣት የሚሸፍን ጫማ። ዝናብ ባደረበት ቀን ይቅርባችሁ፣ ያንሸራትታል። ቁልቁል ስትወርዱ አንተ ከፊት ሁን፣ እሷ ከኋላህ፤ ብትንሸራተት አንተ ላይ ታርፋለች።

8. ከወረዳችሁ በኋላ ጉልበት ከተረፋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ውሰዳት። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ የዓሣ ትራፊ ሲጠብቅ ቆሞ ታየዋለች፤ ቁመቱ ከእሷ ይበልጣል፣ እንዳትጠጋው እጇን ያዝ። ከዛፎቹ ላይ ጉሬዛ ፈልጉ። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ አውራ ጣቷን አጥፋና በአራት ጣት ብቻ ቆሎ እንድታነሳ አድርጋት። ግልገሉ ሲወለድ ነጭ በነጭ ነው፤ ካገኘችው ቀኑን ሙሉ ታወራዋለች። እዚያ ላሉት ጦጣዎች ግን ምንም አትስጡ፣ ከለመዱ ከልጅ እጅ ይነጥቃሉ። ሐይቁ ዳር እግሯን እንዳታስነክራት፤ ቢልሃርዚያ አለበት፣ ጉማሬም አለ።

9. «ደከመኝ» ካለች በዚያው ተመለሱ፣ ግማሽ መንገድ ላይም ቢሆን። ከመመለሳችሁ በፊት ግን ሦስት ድንጋይ ደራርባ ምልክት ታድርግ፤ ትልቁን ከታች፣ ትንሹን ከላይ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጡ መጀመሪያ የምትፈልገው እሱን ነው። ድንጋዮቹን አግኝታ ምን ያህል አልፋቸው እንደሄደች ደውለህ ንገረኝ።