ለእርከን ሥራ ክፍያ አለ?

ጥያቄ፦ ሰቃ ወረዳ የምኖር ቡና አብቃይ ገበሬ ነኝ። በየበጋው በዘመቻ እርከን እንሠራለን፤ የሚከፈለን የለም። ሌላ ወረዳ ለዚሁ ሥራ ይከፈላል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እውነት ነው፤ የሰሙት ስለ ሴፍቲኔት ይመስለኛል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ፕሮግራም በተመረጡ ወረዳዎች የምግብ እጥረት ያለባቸውን ቤተሰቦች እንደ እርከን ባለ የማኅበረሰብ ሥራ እያሳተፈ ገንዘብ ወይም እህል ይሰጣል። የሚታቀፈው ቤተሰብ በችግሩ ተለይቶ እንጂ እርከን ስለሠራ አይደለም። የበጋው ዘመቻ ግን ነጻ ጉልበት ነው። በራስ ማሳ ላይ ሲሆን ጥቅሙ ቶሎ ይታያል፤ በጋራ ተራራ ላይ ሲሆን ግን ቅሬታዎ ይገባኛል።

በራስዎ ማሳ ስለሚሠሩት እርከን ጥቂት ምክር ልጨምር፦ አካባቢዎ ዝናብ ስለሚበዛበት እርከንዎ የትርፍ ውኃ መውጫ ይኑረው፤ አለዚያ ይደረመሳል። ከቡናው ሥር ጉዝጓዝ፣ በእርከኑ ጠርዝ ቬቲቨር ሣር ይበጃል። ቦረቦር ከጀመረ ለብቻዎ ከመቆፈርዎ በፊት በቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ቦታውን ያስለኩ።