የጋራ ጠረጴዛ

ሠራተኛው ከሳምንቱ 5 የሥራ ቀን 3ቱን ብቻ ቢሮ የሚገባ ከሆነ፣ ለ100 ሰው 60 ጠረጴዛ ይበቃል እንል ይሆናል። ሒሳቡ የሚሠራው ግን ሰው በየቀኑ እኩል ተከፋፍሎ የመጣ እንደ ሆነ ነው፤ ሁሉም ማክሰኞን ከመረጠ 40ው ቆሞ ይውላል።

ቻያት ዴይ የተባለው የማስታወቂያ ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ የግል ጠረጴዛን አስቀርቶ፣ ሠራተኞቹ ጠዋት ጠዋት ስልክና ኮምፒዩተር እየተዋሱ እንዲሠሩ አደረገ። ዕቃው ለሁሉ ስላልበቃ ገሚሱ ማልዶ መጥቶ ይሻማ፣ ሌላውም ወረቀቱን በመኪናው የኋላ ሣጥን ያኖር ጀመር። በመጨረሻም አሠራሩ ተተወ።

ስለዚህ የቢሮ ነዳፊ፣ ጠረጴዛ ከመቁጠሩ በፊት ብዙ ሰው የሚገናኝበትን ቀን ይቁጠር፤ ቢሮውንም ለመመካከሪያ ያዘጋጅ፤ ለእያንዳንዱም ቁልፍ ያለው ሣጥን ይስጥ። ቦታ የሌለው ሠራተኛ በገዛ ቢሮው እንግዳ ነውና።