የአሠራርን ቅደም ተከተል የሚያስረዳ ድርሰት

ተማሪዎች፣ ካሁን ቀደም ታሪክን ስለሚተርክና የነገሮችን መልክ ስለሚገልጽ ድርሰት ተምራችኋል። የዛሬው ትምህርት አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚከናወን ስለሚያስረዳ ድርሰት ነው። እንዲህ ያለውን ድርሰት ያነበበ ሰው ሥራውን በእጁ ሊሞክረው ይነሣል። ስለዚህ ጸሐፊው አንዱን ተግባር ቢዘል ወይም የፊቱን ወደ ኋላ ቢያደርግ አንባቢው ይሳሳታል፤ አንዳንድ ጊዜም ይጎዳል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ፤ የስልክን መተግበሪያ በኮምፒዩተር ማሠራት

በሐዋሳ ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር በሚገኘው በጉዱማሌ፣ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጫምባላላ በየዓመቱ ይከበራል። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የበዓሉን ቀን የሚለዩት የከዋክብትን አካሄድ የሚመረምሩ አዋቂዎች ናቸው፤ ሥርዓቱም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረው በአብዛኛው በቃል ነው።

አንድ ተማሪ በጉዱማሌ አንድ አዛውንት ስለ በዓሉ የነገሩትን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ በእናቱ የእጅ ስልክ ቀዳ እንበል። ድምፁንና ማስታወሻውን አንድ ላይ የያዘው መተግበሪያ የተሠራው ለስልክ እንጂ ለኮምፒዩተር አይደለም። በትንሿ የስልክ ገጽ እያዳመጡ ረጅም ጽሑፍ መጻፍ ግን ያደክማል። በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ደግሞ ሰፊ ገጽና ኪቦርድ አለ። ታዲያ መተግበሪያውን በኮምፒዩተሩ ማሠራት አይቻልምን?

ይቻላል። ለዚህም ምንጫቸው ክፍት የሆነ ፕሮግራሞች አሉ። ምንጩ ክፍት ነው ማለት የፕሮግራሙን ጽሑፍ ማንም ሰው እንዲያነብበው፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያካፍለው ተፈቅዷል ማለት ነው። መንገዱም ሁለት ነው።

አንደኛው መንገድ አንድሮይድን ራሱን በኮምፒዩተሩ ውስጥ ማስነሣት ነው። ዌይድሮይድ የተባለው ፕሮግራም ይህን በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ይፈጽማል። የአንድሮይድ እምብርት ሊኑክስ ስለ ሆነ የኮምፒዩተሩን እምብርት ይጋራል። ነገር ግን ለስልክ ፕሮሰሰር ብቻ የተዘጋጀ መተግበሪያ በብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ያለ አስተርጓሚ ፕሮግራም አይሠራም። በስልኩ ውስጥ የተቀዳው ድምፅም በራሱ ወደዚያ አይሻገርም።

ሁለተኛው መንገድ መተግበሪያው በስልኩ ውስጥ እየሠራ፣ ገጹ ብቻ በኮምፒዩተሩ እንዲታይ ማድረግ ነው። ስሙ ስክሪን ኮፒ ተብሎ የሚነበበውና በ2010 ዓ.ም. የወጣው ፕሮግራም ይህን ያደርጋል። በሊኑክስ፣ በዊንዶውስና በማክ ላይ ይሠራል። አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ የዩኤስቢ ገመድ እንጂ ኢንተርኔት አያሻውም። ስልኩ ግን አንድሮይድ 5 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሊኖረው ይገባል፤ ድምፁ በኮምፒዩተሩ በኩል እንዲሰማ ደግሞ አንድሮይድ 11 ያስፈልጋል።

ተማሪው ሁለተኛውን መረጠ። በመጀመሪያ የስልኩን ሴቲንግ ከፍቶ፣ ስለ ስልኩ ወደሚገልጸው ክፍል ገብቶ፣ ቢልድ ነምበር የሚለውን ሰባት ጊዜ ነካ። በዚህ ጊዜ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ የተባለው ክፍል ተከፈተ። ቀጥሎ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለውን ዩኤስቢ ዲበጊንግ አብርቶ ስልኩን በገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘ። ስልኩም ኮምፒዩተሩን ይፈቅድ እንደ ሆነ ጠየቀው። ኮምፒዩተሩ የብዙ ተማሪዎች መገልገያ ነውና፣ «ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚለውን ምልክት ሳያደርግ ለዚያ ጊዜ ብቻ ፈቀደ። ከዚያም ፕሮግራሙን አስነሥቶ፣ የአዛውንቱን ድምፅ በማውዝ እያስኬደና እያቆመ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ ጻፈ። በመጨረሻም ፕሮግራሙን ዘግቶ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ ዩኤስቢ ዲበጊንግን አጠፋ።

ይህ የመጨረሻው ተግባር እንደ ትርፍ ሥራ የሚቆጠር አይደለም። በእናቱ ስልክ ውስጥ የቤተሰቡ መልእክትና የገንዘብ መላኪያ አለ። ዩኤስቢ ዲበጊንግ እንደ በራ ቢቀር፣ ሁልጊዜ የተፈቀደለት ኮምፒዩተር ገመዱ በተሰካ ቁጥር ያለ ጥያቄ ስልኩን ሊያዝዝ ይችላል።

ለ. ሰዋስው፤ ቦዝ አንቀጽ በአሠራር ድርሰት ውስጥ

በምንባቡ ውስጥ ከፍቶ፣ ገብቶ፣ አብርቶ፣ ዘግቶ፣ ነቅሎ የሚሉት ቃላት ቦዝ አንቀጽ ናቸው። ቦዝ አንቀጽ አንዱ ተግባር ከሌላው ቀድሞ መፈጸሙን ያሳያል፤ ስለዚህም ለአሠራር ድርሰት እጅግ ይስማማል። እያስኬደ፣ እያቆመ የሚሉት ግን ከዋናው ሥራ ጋር አብሮ የሚሄድን ተግባር ያመለክታሉ። ሁለቱን አታደባልቁ። «ገመዱን ነቅሎ ጻፈ» እና «ገመዱን እየነቀለ ጻፈ» አንድ አይደሉም።

ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዓረፍተ ነገርን አይዘጋም። «ፕሮግራሙን ዘግቶ፣ ገመዱን ነቅሎ» ብላችሁ ብታቆሙ ሐሳቡ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ «አጠፋ» የሚለው ማሰሪያ አንቀጽ ሲመጣ ይታሰራል። ሥራውም እንደ ዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ማሰሪያው ከተረሳ ተፈጸመ አይባልም።

ሐ. መልመጃ

1. ተማሪው አንደኛውን መንገድ ለምን ተወው? ሁለት ምክንያት ስጡ።

2. «ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚለውን ምልክት ያላደረገው ስለ ምንድን ነው?

3. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች በቅደም ተከተላቸው አስተካክላችሁ፣ በቦዝ አንቀጽ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጓቸው። ሀ. ገመዱን ነቀለ። ለ. ስልኩን ለእናቱ መለሰ። ሐ. ፕሮግራሙን ዘጋ። መ. ዩኤስቢ ዲበጊንግን አጠፋ።

4. አሠራሩን አሳምራችሁ የምታውቁትን አንድ ሥራ መርጣችሁ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ። ከዚያም ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡትና በጽሑፉ ብቻ እየተመራ ይሥራ። እናንተ አትናገሩ። ግራ የተጋባበትን ቦታ ምልክት አድርጋችሁ ድርሰታችሁን እንደገና ጻፉት።