«እኔስ ተነሥቼ የለ?»

ጥያቄ፦ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻ ሲደርስ ልጆቼን ይዤ ደብረ ብርሃን ተሰደድኩ። ስመለስ ሱቄ ተዘርፎ ባዶውን ጠበቀኝ። ተበድሬ እንደገና ቆምኩ። አሁን ከወለጋ ተፈናቅለው ሐርቡ የተጠለሉ ሰዎች ደጄ ላይ እጃቸውን ሲዘረጉ አንጀቴ አይላወስም። «እኔስ ተነሥቼ የለ? ለምን ሠርተው አይበሉም?» እላለሁ። ሰሞኑን ትንሿ ልጄ ይህንኑ ለአንዲት እናት ስትናገር ሰምቼ ደነገጥኩ። ስደትን ቀምሼ የማውቅ ሰው እንዴት ልቤ ደነደነ?
ከሐርቡ

መልስ፦ እህቴ፣ ምናልባት ስለቀመሱት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ራቸል ረታን ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ በረዷማ ውኃ ውስጥ ዘለው ገብተው የወጡ ሰዎች፣ ፈርቶ ለተመለሰ ሰው ያዘኑት ተራቸውን ገና ይጠብቁ ከነበሩት ያነሰ ነበር። ሥራ አጥነትንና በእኩዮች መጠቃትን ያለፉ ሰዎችም፣ በዚያው ችግር ተሸንፎ የወደቀውን ሰው በርትተው ይፈርዱበታል። ሕመሙ ምን ያህል እንደነበረ ይረሳል፤ «ይቻላል» የሚለው ግን አይረሳም።

እንግዲህ መጀመሪያ ያስታውሱ። መነሣትዎን ሳይሆን ደብረ ብርሃን የገቡባትን የመጀመሪያዋን ሌሊት።

ቀጥሎ ልዩነቱን ይዩ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ኮምቦልቻና አካባቢዋ ሲለቀቁ እርስዎ የሚመለሱበት ቤት ነበረዎት። ሱቁ ቢዘረፍም ግድግዳው፣ የሚያበድር ሰው፣ ቅሬዎም (ዕድርዎ) ነበሩ። ደጅዎ የቆመችው ሴት ገበሬ ከሆነች ሙያዋ ከመሬቷ ጋር ወለጋ ቀርቷል፤ ዋስ የሚሆናት የለም። ደግሞ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ወላጆቻቸው በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ደርግ ከወሎ ወስዶ ወለጋ ያሰፈራቸው ናቸው። ወደ ወሎ የመጡት የዘመድ አገር ብለው ነው።

«በእሷ ቦታ ብሆን» ብለው አይጀምሩ፤ ያ መንገድ ወደ ራስዎ ታሪክ ይመልስዎታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ባትሰን እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳየው፣ ራሳችንን በሌላው ቦታ ስናስብ ከርኅራኄው ጋር የራሳችን ጭንቀት ይነሣል፤ እሱ የሚሰማውን ስናስብ ግን ርኅራኄው ያይላል። ስለዚህ ይጠይቋት፦ ከየት ወረዳ ነሽ? ምን ታርሱ ነበር? ልጆቹስ የት ይማራሉ? ለመጣው ሁሉ መስጠት አይችሉም፤ አይገደዱምም። የሌለዎት ቀን «እግዜር ይስጥሽ» ወይም «አላህ ይስጥሽ» ብሎ በስሟ መሸኘት ይበቃል።

ልጅዎን አይቆጧት። ቃሉ የእርስዎ ነበር፤ አሁንም ከእርስዎ ትስማ። ያቺን እናት ለቡና ይጥሯትና ልጅዎ ረከቦቱ አጠገብ ትቀመጥ፤ አቦሉን እሷ ታቅርብ። ቅሬዎንም ይጠይቁ፦ ከተፈናቃዮቹ ሰው ሲሞት ማን ይቀብራል? መልስ ከሌለ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ጉዳይ የሚያነሡት እርስዎ ይሁኑ።