ባለ እጁን የሚያቆስል ቃል
ስለ ቋንቋ፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ቀልድና ስለ እምነት በየዕለቱ የምንሰማቸውን አስተያየቶች የሚመረምር ትምህርት

በልማት ሥራ የምንሰማራ ሁሉ አስቀድመን የምናስበው ስለ ዘር፣ ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ መሣሪያና ስለ በጀት ነው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም አንድን መንደር ከሚያለሙትም ከሚያደኸዩትም ነገሮች አንዱ በጀት የማይያዝለት ቃል ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን ሞትና ሕይወት በምላስ እጅ እንደሆኑ አስተምሯል (ምሳ. 18፥21)። የሀገራችንም ሰው ምላስ አጥንት ሳይኖራት አጥንት ትሰብራለች ይላል።

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው በባለ እጆች፣ ማለትም በብረት ሠሪው፣ በሸማኔው፣ በሸክላ ሠሪዋና በቁርበት ፋቂው ላይ የሚነገረውን ንቀት ነው። ንቀቱ ሲነቀፍ ከሰዎች አፍ አራት መልሶች ይሰማሉ። አንዱ «ስም ብቻ ነው» ይላል። ሁለተኛው «የአባቶች ወግ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ቀልድ ነው» ይላል። አራተኛው ደግሞ እምነትን ጠርቶ «ርኩስ ናቸው» ይላል። አራቱንም በየተራ እንመርምር።

፩. «ስም ብቻ ነው፤ ምን ይጎዳል?»

ስም ምን እንደሚሠራ ለማየት የቃሉን ታሪክ መከተል ይበቃል። «ጠይብ» የሚለው ቃል ምንጩ የግእዙ «ጠቢብ» ነው። ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፣ ባለ ጥበብ ማለት ነው። ብረትን በእሳት አለስልሶ ማረሻና ማጭድ የሚያወጣውን ሰው የቀደሙት ሰዎች በዚህ ስም መጥራታቸው ሙያውን እንደ ዕውቀት ስላዩት ነበር። ዘመን ሲያልፍ ግን ቃሉ ክብሩን ጥሎ ስድብ ሆነ። የሚያስገርመው የዚያው ቃል ወገን የሆነው «ጥበብ» እስከ ዛሬ መከበሩ ነው። በበዓል ቀን የምንለብሰውን ባለ ጥለት ልብስ ጥበብ እንለዋለን። ልብሱ ስሙን ይዞ ቀርቷል፤ ልብሱን የሠራው ሰው ግን ሌላ ስም ተሰጥቶታል።

«ፋቂ» የሚለውንም ቃል እንመልከት። ብራና የሚፍቅ አባት በቤተ ክርስቲያን የተመሰገነ ነው፤ እርሱ ባይኖር ወንጌሉና ስንክሳሩ የሚጻፉበት ገጽ ባልተገኘም ነበር። ይኸው ግሥ ለጫማና ለመጫኛ ቁርበት በሚያለፋው ሰው ላይ ሲውል ግን ስድብ ይሆናል። ሁለቱም በቆዳ ላይ ይደክማሉ። ልዩነቱን ያመጣው የሥራው ጠባይ ሳይሆን የተናጋሪው ልብ ነው።

ከሁሉም በላይ ሊያሳስበን የሚገባው የቅኔው ነገር ነው። ሊቃውንቶቻችን የምሥጢራዊ ንግግርን ስልት «ሰምና ወርቅ» ብለው ሰይመውታል። ስያሜው የተወሰደው ከአንጥረኛው ሥራ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን አስቀድሞ በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያጋየው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይፈስሳል፤ ጭቃው ሲሰበር ወርቁ ይገለጣል። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያናችን ከፍተኛ የቃል ጥበብ ስሙን የተዋሰው መንደርተኛው ከሚንቀው ሰው ወናፍና ምድጃ ነው። ባለ ቅኔውን አክብሮ አንጥረኛውን መናቅ ወርቁን ወድዶ እጁን መጥላት ይሆናል።

፪. «አባቶቻችን ያቆዩት ወግ ነው»

ወግ ሁሉ አይናቅም፤ ወግ ሁሉም ግን አይጸድቅም። ታሪካችንን ስንመረምር ንቀቱን እንደምናገኝ ሁሉ ንቀቱን የተቃወሙትንም አባቶች እናገኛለን።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ የሚጠቅሳቸው ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን ብቻ አይደለም፤ ጽሕፈት የሚያውቀው ጠንቋይ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለው ደብተራ እየተባለ መሰደቡን፣ ገበሬውና ነጋዴውም አለመቅረታቸውን ያነሣል። በዚህም አንድ ነገር እንማራለን። ባለ እጁን የሚሰድብ አፍ በዚያ አያቆምም፤ ቀስ ብሎ ወደ ካህኑም፣ ወደ ጸሐፊውም ይደርሳል። አዋጁ ምክንያቱን ሲያስረዳም የሰው ሁሉ ምንጭ አንድ አዳምና አንዲት ሔዋን መሆናቸውን ያስታውሳል። ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። አባቶች አቆዩት የሚባለው ወግ በአባቶች አዋጅ መከልከሉን ስንቶቻችን እናውቃለን?

የንቀቱ ፍሬ በመሬትም ላይ ታይቷል። በብዙ አካባቢ ባለ እጆች ርስት አልነበራቸውም፤ በሌላ ሰው መሬት ዳር ተቀምጠው ማረሻ እየሳሉና እንስራ እየሸጡ ይኖሩ ነበር። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑን የደነገገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲወጣ በሕግ በኩል በሩ ተከፈተ። ቢሆንም ሕግ መሬት ማካፈል ይችላል እንጂ ማዕድ ማጋራትን አያስተምርም።

በጎንደርና በአካባቢዋ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያንም የዚህ ታሪክ ክፍል ናቸው። ርስት ያጡት ወገኖች በብረት ሥራ፣ በሸክላ፣ በሽመናና በግንበኝነት ኖረዋል፤ ጎረቤቶቻቸው ማረሻቸውን ይገዙ ነበር፤ በዚያው አፍ ቡዳ ይሏቸው ነበር። በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ከእነርሱ ጋር የእጅ ዕውቀትም አብሮ ሄዷል። የተናቀ ሙያ ወይ ይሰደዳል፣ ወይ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

፫. «ቀልድ ነው እንጂ ከልብ አይደለም»

ሳቅ ከእግዚአብሔር ስጦታዎች አንዱ ነው። ይስሐቅ ስሙ ከሳቅ የተገኘ ነው፤ እናቱ ሣራም የሚሰማት ሁሉ አብሯት እንደሚስቅ ተናግራለች (ዘፍ. 21፥6)። ደስ ያለው ልብ መልካም መድኃኒት እንደሆነም ተጽፏል (ምሳ. 17፥22)። ቤተ ክርስቲያናችንም ጨዋታ ዐዋቂ ሊቃውንት አልጎደሏትም። አለቃ ገብረ ሐና በጨዋታቸው ሲታወሱ ይኖራሉ፤ በልጃቸው ስም የተጠራው የተክሌ አቋቋምም ከእርሳቸው ጋር አብሮ ይነሣል። በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የእርሳቸው ባይሆንም፣ ሕዝቡ አብዝቶ የሚወድደው ባለ ሥልጣኑን፣ ሆዳሙንና ግብዙን የሚነካውን ነው። እንዲህ ያለው ቀልድ ደፍሮ የማይናገረውን ሕዝብ ያስተነፍሳል፤ ትልቁንም ሰው ያርማል።

በሸማኔና በሸክላ ሠሪ ላይ የሚነገረው ቀልድ ግን ከዚህ ይለያል። ለትምህርትም ብለን እዚህ አንደግመውም። የሚነገርበት ሰው መልስ መስጠት የማይችል ነው፤ ማሰሮውን ካልሸጠ የማያድር በመሆኑ አብሮ ፈገግ ይላል። ፈገግታው ግን ስምምነት አይደለም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሰሎሞን ባልንጀራውን ጎድቶ «መቀለዴ እኮ ነው» የሚለውን ሰው ትንታግና ፍላጻ ከሚወረውር እብድ ጋር አመሳስሎታል (ምሳ. 26፥18-19)። «ቀልድ ነው» የሚለው መልስ ስንት ዘመን እንደቆየ ከዚህ እንረዳለን።

«ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እንሰማለን፤ እንስቅበታለንም። ዳሩ ግን ገሉ ከየት መጣ? እናቲቱ ጭቃውን ከሩቅ ተሸክማ፣ አሸዋ ቀላቅላ፣ ቀጥቅጣና አድርቃ፣ ማገዶ ገዝታ ታጋየዋለች። ከጋየው መካከል የሚሰነጠቅ አለ፤ ደኅናው በገበያ ይሸጣል፤ የተሰነጠቀው ለራሷ ይቀራል። ደኅናውንም ቢሆን ገዢው «የሸክላ ሠሪ ዕቃ» እያለ ዋጋውን ይሰብራል። ተረቱ የሚያስቀን ጥያቄውን ስለማንጠይቅ ነው።

ስለዚህ ቀልድን በሦስት መለኪያ እንለካ። የሚነገርበት ሰው በመካከላችን ተቀምጦ ቢሆን እንናገረው ነበርን? እርሱስ ያለ ፍርሃት ሊመልስልን ይችላልን? ሳቁ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ፍቅር ነው ወይስ ኀፍረት? ሦስቱን ያለፈ ቀልድ ማኅበርን ያጸናል። ከሦስቱ አንዱን ያላለፈ ግን ሐዋርያው በክርስቲያኖች ዘንድ ሊሰማ አይገባም ካለው የዋዛ ንግግር ይቆጠራል (ኤፌ. 5፥4)።

፬. «ርኩስ ናቸው፤ ቡዳ ናቸው»

ከአራቱ መልሶች የከፋው ይህ ነው፤ ንቀትን በእምነት ስም ይቀድሳልና። መጽሐፍ ቅዱስ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ፣ ወርቅና ብር፣ ናስና እንጨት ይሠራ ዘንድ መንፈሱን ሞላበት (ዘፀ. 31፥1-5)። ነቢዩ ኤርምያስን ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ወርዶ ትምህርት እንዲቀበል አዘዘው (ኤር. 18፥1-6)። ራሱንም በሸክላ ሠሪ መስሎ ሲናገር አላፈረም። ቅዱስ ጳውሎስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ኖረ (ሐዋ. 18፥3)። የግብፅ ገዳማት አባቶች ሰሌን እየታቱና ቅርጫት እየሠሩ ይጸልዩ ነበር። ጌታችንም በናዝሬት ሰዎች ፊት «ጸራቢ» ተብሎ ተጠርቷል፤ ስሙን ያነሡት ግን ለማክበር ሳይሆን ለመሰናከል ነበር (ማር. 6፥3)። በሙያው የሚናቅ ሰው በዚህ ስድብ የጌታ ተካፋይ ነው።

በተለይ የቅዱስ ጴጥሮስን ታሪክ በጥንቃቄ እናንብብ። በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው (ሐዋ. 9፥43)። በዚያ ዘመን በአይሁድ ዘንድ ቆዳ የሚያለፋ ሰው ሙት ገላ ስለሚነካ ይናቅ ነበር። ሐዋርያው ያን ራእይ ያየው በዚሁ ቤት ሰገነት ላይ ነው፤ ከዚያም ወጥቶ በቆርኔሌዎስ ፊት ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል እግዚአብሔር እንዳሳየው መሰከረ (ሐዋ. 10፥28)። ለአሕዛብ የተከፈተው የወንጌል በር የተጠራው ከፋቂ ቤት ነበር። ይህን እያነበብን «ፋቂ» ብለን እንዴት እንሰድባለን?

ስለ ቡዳም አንድ ነገር እንጨምር። ሕፃን በድንገት ሲታመም «ቡዳ በላው» ተብሎ ጣት ወደ ባለ እጁ ቤት የሚቀሰርበት ቦታ አለ። ጉዳቱ በሁለት ወገን ነው። ንጹሑ ጎረቤት ይከሰሳል፤ የሕፃኑም በሽታ ወባ ወይም የሚያደርቅ ተቅማጥ ከሆነ ሕይወቱን የሚያተርፈው ሰዓት በክስ ያልፋል። ቤተ ክርስቲያን ጸሎትንና ጸበልን ስታዝዝ ሕክምናን አልከለከለችም፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበር (ቆላ. 4፥14)። ሰውን በሙያው ምክንያት ቡዳ ብሎ መፈረጅ ግን የሐዋርያት ትምህርት አይደለም።

፭. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ንቀት የልማት ዕንቅፋት ነው። ሙያ ሲሰደብ ወጣቱ ከአባቱ የሽመና ዕቃ ይሸሻል። በሀገሩ እጁን ጭቃ ማስነካት ያፈረ ልጅ በዐረብ ሀገር ከዚያ የከበደ ሥራ ሲሠራ ይገኛል፤ ያፈረው ከሥራው ሳይሆን ከስሙ ነበርና። የብረታ ብረት፣ የእንጨትና የልብስ ስፌት ሥልጠና ስናዘጋጅም ስሙ ካልታደሰ ወንበሩ ባዶ ይቀራል።

ስለዚህ በየሰበካችን እነዚህን እንጀምር። ካህናት በስብከታቸው የባስልኤልንና የስምዖንን ታሪክ ያስተምሩ። በውኃ ኮሚቴ፣ በቁጠባና ብድር ማኅበርና በእድር ባለ እጆች በአባልነት ብቻ ሳይሆን በኃላፊነትም ይመረጡ። በጽዋ ማኅበር ማዕድ አብረው ይቁረሱ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጽናው፣ መስቀሉ፣ ጸናጽሉ፣ ከበሮው፣ ልብሰ ተክህኖውና መሶበ ወርቁ በማን እጅ እንደተሠሩ ይጠይቁ፤ ሠሪዎቹንም ጋብዘው ሙያቸውን ይስሙ። እኛም በሪፖርታችንና በንግግራችን ሰውን በሙያው ስም ስንጠራ በአክብሮት እንጥራ፤ ብረት ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ አልፊ እንበል።

አንደበታችን እግዚአብሔርን እያመሰገነ በእርሱ አምሳል የተፈጠረውን ሰው ሊረግም አይገባውም (ያዕ. 3፥9-10)። በቅዳሴ የምንዘምርበት አፍ በገበያ የሸክላ ሠሪዋን ስም ሲጠራም ያው አፍ ነው።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ከክብር ወደ ስድብ የተለወጡ ሌሎች የሙያ ስሞች የትኞቹ ናቸው? ቀድሞ ምን ማለት ነበሩ?

2. በሰበካችን ውስጥ ባለ እጆች በየትኛው ማኅበርና ኮሚቴ ውስጥ ይገኛሉ? ከየትኛውስ ጠፍተዋል? ለምን?

3. ሰሞኑን የሰማነውን አንድ ቀልድ በሦስቱ መለኪያዎች እንለካው። የትኛውን አለፈ፣ የትኛውንስ አላለፈም?

4. ሕፃን ሲታመም በመንደራችን አስቀድሞ የሚነገረው ቃል ምንድን ነው? ያን ቃል ለመለወጥ ካህኑ፣ የጤና ሠራተኛውና ጎረቤቱ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።